ያጠፋሁት ድምፅ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ እዘላታለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ስንት ጊዜ። ሰው አልገደልኩም። አልሰረቅሁም። ስትሰማው ‹ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል?› ትል ይሆናል፤ እኔም ለራሴ ለዓመታት እንደዚያ ስል ኖሬአለሁ። እኔ ያደረግሁት የአንድን ሰው ልቅሶ ለሰዎች ማሰማት ነው። የጓደኛዬን ልቅሶ። አምኖ ለእኔ ብቻ የላከውን።

አንተ ይህን የምታነበው ሰው ማን እንደሆንክ አላውቅም። ስለማላውቅህ ይቀለኛል። ይህም ራሱ ከፈሪነቴ የሚቆጠር መሆኑን አውቃለሁ።

ደረጀ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጅግጅጋ ነው። አባቴ የሃምሳ አለቃ ነበር፤ ለሥራ ተመድቦ መጥቶ፣ ጡረታ ሲወጣም የሚመለስበት ጠፋውና እዚያው ቀረ። እኔ የውኃ ፓምፕና የጄኔሬተር መካኒክ ነኝ። ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት መሥሪያ ቤታችን አዲስ ሾፌር ቀጠረና ከእኔ ጋር መደበው። ስሙ አብዲረሺድ ነው፤ ሁላችንም ረሺድ ነበር የምንለው። የቀብሪበያ ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ የሚጥል።

ሥራችን በየወረዳው የተበላሸ ፓምፕ መጠገን ነበር። እሱ ይነዳል፣ እኔ እፈታለሁ፣ እሱ ደግሞ ሾፌር ነኝ ብሎ ጥላ ሥር አይተኛም፤ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ መፍቻ ያቀብለኛል። እነዚያ ቀኖች ትዝ ሲሉኝ ቀድሞ የሚመጣልኝ ነፋሱ ነው። የመኪናችን የግራ መስኮት አልዘጋ ይል ስለነበር ካርቶን አጥፈን እንወትፍበታለን፤ ካርቶኑ በየአሥር ደቂቃው እየወለቀ ረሺድ ጭን ላይ ይወድቃል። አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይንቋቋል። ከጅግጅጋ በጠዋት ወጥተን ቀብሪበያ መግቢያ ላይ፣ የከብት ነጋዴዎቹ የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት፣ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እንጠጣለን። እናቱ ቤት ጎራ ሳንል አናልፍም። ሐርተሼክ ስንደርስ ሜዳው ላይ መኪናውን አቁመን፣ በሳህን የያዝነውን ሩዝ ከሙዝ ጋር በእጃችን እንበላለን። ሙዝ ከሩዝ ጋር የሚበላ መሆኑን እዚያው ጅግጅጋ ተወልጄ ሳላምንበት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያሳመነኝ ረሺድ ነው።

ይዘፍን ነበር። ድምፁ ያን ያህል ጥሩ አልነበረም፤ ግን ያምንበታል። ሶማሊኛ እንደምሰማ እያወቀም ዘፈኑን እንደገና በአማርኛ ይተነትንልኛል።

‹ይሄ ሰውዬ፣ ደሬ፣ የሚወዳት ልጅ ለሌላ ተዳረችበት። አሁን ግመሎቹን ውኃ እያጠጣ ነው። ግመሎቹ ጠጥተው ጠገቡ። እሱ ግን ጠማኝ ነው የሚለው። ገባህ? ጠማኝ ይላል እኮ፣ ውኃው ፊት ቆሞ!›

ዓይኑ እርጥብ ይላል። አያፍርም። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ ፊቱን ይጠርጋል፣ ይስቃል፣ ይነዳል።

እንደዚህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት ስንገናኝ እጄን እንደጨበጠ ‹ናፍቀኸኝ ነበር፣ ዋላሂ› ይለኛል። ለሁለት ቀን! እኔ ግን ‹እሺ፣ እሺ፣ ነዳጅ ሞልተሃል?› እላለሁ። ለእናቱ በየቀኑ ቀትር ላይ ይደውልላታል፤ ስልኩን ሲዘጋ ‹እወድሻለሁ› የሚለውን በሶማሊኛ ይላታል፤ ሰው ይስማው አይስማው ግድ የለውም። አንድ ጊዜ ወባ ይዞኝ ስተኛ ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ ሲወጣ እቤቴ እየመጣ እግሬ ሥር ተቀመጠ። ሚስቴ ‹ወንድምህ ነው እንዴ?› አለችኝ። ‹ሾፌራችን ነው› አልኳት። ወንድሜ ነው ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር?

እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። እናቴ ስትሞት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሬሳዋ ሲወርድ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጮህኩ። አባቴ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ያቅፈኛል ብዬ ነበር። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ‹ሰው እያየህ ነው› አለኝ። ይህን ብቻ። አልተቆጣም፤ ድምፁም ለስላሳ ነበር። እኔ ጸጥ አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ አልቅሼ አላውቅም። አባቴ ራሱ ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት እንኳ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜ ሰው ስቀበል ዋልኩ። ‹ጎበዝ ነው፣ ቻለው› አሉኝ። ይህን የምነግርህ ለጥፋቴ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። አባቴ ያን ቀን ጸጥ በል አለኝ እንጂ በሌላ ሰው ልቅሶ ሳቅ አላለኝም። ያን ያመጣሁት ራሴ ነኝ።

ረሺድና ሚስቱ ሆዳን ተጋብተው ስድስት ዓመት ልጅ አልወለዱም ነበር። ከዚያ ሆዳን አረገዘች። የዚያን ጊዜውን ረሺድ ባየኸው! መንገዱ ላይ ድንጋይ ሲያጋጥመን መኪናውን የሚያዞረው ሆዳን ከኋላ የተቀመጠች ይመስል ነበር። ሴት ናት ይላል። ማን ነገረህ ስለው ደረቱን ይመታል። አንድ ቀን ከቀብሪበያ ስንመለስ እንዲህ አለኝ፦

‹ስሟን መርጫለሁ። ግን እስክትወለድ ለማንም አልናገርም። ለሆዳንም አልነገርኳት።›

‹ለእኔስ?›

‹ላንተ ትንሽ ቀድሜ እነግርሃለሁ። እጄ ላይ ስትሆን በስልክ እነግርሃለሁ።›

ሳቅን።

ኮሮና የገባበት ዓመት ነበር። ሰው አትሰብሰቡ፣ አትጨባበጡ ተብሏል። አንድ ጠዋት ረሺድ ሆዳንን ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ወሰዳት። እኔ ጋራዥ ነበርኩ፤ ጄኔሬተር ሥር ተጋድሜ ስሠራ ስልኬ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ እጄ ዘይት ስለነበር አላነሳሁትም። ወጥቼ ሳየው የድምፅ መልእክት ልኳል። አራት ደቂቃ የሚሆን። እንኳን ደስ አለህ ልል አፌን አዘጋጅቼ ከጄኔሬተሩ ኋላ ሄጄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደቀንኩት።

ሕፃኗ ሞታ ነበር የተወለደችው።

‹ደሬ፣ አስታቀፉኝ› ይላል። ‹ትሞቃለች እኮ። አሁንም ትሞቃለች። ፀጉር አላት። ብዙ ፀጉር አላት፣ ደሬ።› ከዚያ አማርኛው ጠፋው። በሶማሊኛ ሆነ። ስሟን ጠራ፤ ሦስት ጊዜ ጠራት፤ እንደ ተኛ ልጅ ነው የጠራት። ከዚያ ወዲያ ቃል የለም፤ ልቅሶ ብቻ ነው። እንደዚያ ዓይነት የወንድ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። መጨረሻው ላይ አፍንጫውን ሳብ አድርጎ ‹ሆዳን ጋ ከመግባቴ በፊት ነው የደወልኩልህ። አሁን እገባለሁ› አለ። አለቀ።

ዓይኔ ተቃጠለ። እዚያ ከጄኔሬተሩ ኋላ ማንም አያየኝም ነበር፤ ማልቀስ እችል ነበር። ደንግጬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ሄጄ እጄን ታጠብኩ። በደንብ ታጠብኩ፣ እስከ ክንዴ ድረስ። ‹እየመጣሁ ነው› ብዬ መጻፍ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ሐኪም ቤቱ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። አልጻፍኩም። አልሄድኩም። ምን ብዬ ነው የምናገረው እያልኩ ምሳ ሰዓት ደረሰ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሳልሸሽ ልናገረው።

ከምሳ በኋላ ጋራዡ አጠገብ ባለች መቃሚያ ቤት እንሰበሰብ ነበር። አትሰብሰቡ ቢባልም እንሰበሰብ ነበር። በዚያ ቀን አምስት ሆነን ፍራሹ ላይ ተቀምጠናል። ጉሌድ የሚባል ሾፌር አለ፤ ነገር አዋቂ፣ ሰው በማሳቅ የታወቀ። ከወዲያ ጥግ የግቢያችን ዘበኛ አዴር ሙሴ ተቀምጠዋል። አዴር አጎቴ እንደማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራቸው። ጉሌድ ወደ እኔ ዞሮ ‹ዛሬ ብቻህን ነህ፣ ጓደኛህ የት ጠፋ?› አለኝ።

ሞተችበት ማለት እችል ነበር። ሐኪም ቤት ነው ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ነገር ከላዬ ማውረድ ነበር የፈለግሁት። ከላዬ አውርጄ ሰው ላይ መጣል። እና እንዲህ አልኩ፦

‹ረሺድማ እያለቀሰ ነው።›

‹ማን? ረሺድ?›

‹እንደ ሴት። አራት ደቂቃ ሙሉ።›

‹ዋሸህ!› አለ ጉሌድ።

ስልኬን አወጣሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። ከፈትኩት።

እኔ ነኝ የከፈትኩት። ማንም አላስገደደኝም። ምን እንዳለበት ሳላውቅም አይደለም፤ ሰምቼዋለሁ። ‹ትሞቃለች› ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። እዚያ ላይ ብዘጋው ምናልባት ሰው ያዝን ነበር። ‹ፀጉር አላት› ሲልና ድምፁ ሲሰበር ግን ከመካከላችን አንድ ሰው ሳቀ። መጀመሪያ የሳቀው እኔ ነበርኩ። እኔ ስስቅ እነሱም ተፈቀደላቸው። ጉሌድ ትራሱ ላይ ወደቀ። ‹ላልተወለደች ልጅ!› አለ፤ ‹ለሴት ልጅ!› አለ ሌላው። አዴር ሙሴ የጫታቸውን ላስቲክ ጠቅልለው ተነሱና ወጡ። ያኔ ደነገጥኩና ዘጋሁት። ስሟን ሳይጠራ ዘጋሁት። ‹ቢያንስ ስሟን አላሰማሁም› እያልኩ ይህን እንደ ውለታ ስቆጥረው የኖርኩ ሰው ነኝ። ይታይህ።

ወደ ማታ ስወጣ አዴር ሙሴ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

‹አንተ ልጅ፣› አሉኝ፤ ‹ነቢያችን ልጃቸውን ሲቀብሩ አልቅሰዋል። ይህን ታውቃለህ?›

‹ቀልድ ነው፣ አዴር› አልኳቸው።

በሩን ከፈቱልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታ ከመስጠት በቀር አነጋግረውኝ አያውቁም።

ረሺድ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ልጅቷን ቀብሪበያ ወስዶ ከአባቱ አጠገብ ቀብሯት ነው የመጣው። በእነዚያ ቀኖች አንድ ጊዜ ደውዬለት ‹አላህ ያጽናህ› ብዬው ነበር፤ የድምፁን ነገር ሳላነሳ። በሩ ላይ ጉሌድ እጁን ዘርግቶ ‹ኦዬ መጣ!› አለ። በሶማሊኛ አልቃሻው እንደማለት ነው። እኛ አገር ቅጽል ስም አንዴ ከተለጠፈ እስከ መቃብር አይለቅም። ረሺድ አልገባውም፤ ፈገግ አለ። ከዚያ አንዱ ከመኪና ሥር ሆኖ ድምፁን አቅጥኖ ‹ፀጉር አላት፣ ደሬ› አለ።

ረሺድ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዞሮ እኔን አየኝ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ቁልፉን ሳያዞር ጠየቀኝ። በቁጣ አልነበረም።

‹ደሬ፣ ድምፁን ማን ሰማው?›

‹ስልኬን ቻርጅ ላይ ትቼው ነበር። ማን እንደከፈተው እኔ አላውቅም።›

‹እሺ፣› አለ። ቁልፉን አዞረ።

በዚያ ቀን የሄድነው ሐርተሼክ ነው። መንገዱን ሁሉ አልዘፈነም። ካርቶኑ ጭኑ ላይ ሲወድቅ እያነሳ ይወትፈዋል፣ ሲወድቅ ያነሳዋል። እኔ ደግሞ ስልክህን አሳየኝ ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እዚያ እንደደረስን ከፓምፕ ቤቱ ኋላ ዞሬ መልእክቱን አጠፋሁት። አንድ ጊዜ አሰማሁት፣ አንድ ጊዜ ዋሸሁበት፣ ከዚያ አጠፋሁት። ያደረግሁት ይህን ነው።

ረሺድ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሳም። ቅጽል ስሙንም እምቢ አላለም፤ ይባስ ብሎ ራሱ ሲደውል ‹ኦዬ ነኝ› ማለት ጀመረ። ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ሆነ። ከጉሌድ በላይ። ሰኞ ሰኞ እጄን ይጨብጠኛል፤ ‹ነዳጅ ሞልቻለሁ› ይለኛል። ስትሰማው የቆየ ጓደኝነት ነው የሚመስልህ። እኔ ግን ምን እንደቀረ አውቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው እኔን የሚመስል ሰው ሆኖ ነበር።

በዓመቱ ሥራውን ለቆ ቶጎጫሌ ገባ። እዚያ የጭነት መኪና ይነዳል። ሆዳን የልብስ ሱቅ ከፈተች። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ሲወለዱ ደውሎልኛል፤ ‹ወንድ ነው፣ ሰላም ነው› ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቱ ከቶጎጫሌ ወጣ ብላ ያለች ፓምፕ እንድጠግን ላከኝ። ረሺድ ሰምቶ ሆቴል አትይዝም አለ። በግ አረደ። ልጆቹ ‹አጎት› እያሉ ጭኔ ላይ ወጡ። ምሳ ከበላን በኋላ እሱ ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት መስጊድ ሄደ፤ ሆዳን ሻይ ይዛልኝ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሆዳን ጅግጅጋ ነው የተማረችው፣ አማርኛዋ ከእኔ አያንስም። ልጆቹን ወደ ውጭ ሰደደቻቸው።

‹ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ› አለችኝ። ‹ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።›

‹ጠይቂኝ።›

‹የመጀመሪያዋ ልጄ የሞተች ቀን እኔ አላለቀስኩም። ደርቄ ነበር። ረሺድ ነው ገብቶ እግሬ ሥር ተቀምጦ ያለቀሰው። ሴቶቹ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለቅሳል ወይ ብለው አፈሩለት። እኔን ግን እሱ ነው የመለሰኝ። ሦስት ቀን አብረን አለቀስን፤ አብረን በላን፣ አብረን አለቀስን። በአራተኛው ቀን ሥራ ሄደ።› ጣቷን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ታዞራለች። ‹ማታ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ገባ። እኔ ሳለቅስ በቃ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቃ ነው። ያቺን ልጅ ሁለት ሆነን ነበር የምናለቅስላት፣ ብቻዬን ቀረሁ። ስም እንኳ የላትም። ስም አዘጋጅቶላት ነበር፤ ስጠይቀው ተነስቶ ይወጣል።›

ስኳሩን አማሰልኩ።

‹በዚያ ቀን ሥራ ቦታ ምን ሆነ? አብረኸው ነበርክ። የነካው ሰው አለ?›

ዓይኗን ቀና አድርጋ አየችኝ። አምናኝ ነው የጠየቀችኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የበደልኩት ረሺድን ብቻ ይመስለኝ ነበር። በሐዘኗ ላይ የነበራትን አንድ ሰው የወሰድኩባት እኔ መሆኔን ከራሷ አፍ ሰማሁት፤ እሷ ግን ለማን እንደምትናገር አላወቀችም። ምን መለስኩ መሰለህ?

‹አላውቅም፣› አልኳት። ‹ምንም አላየሁም።›

ሻዩን ጠጣሁት።

ረሺድ ከመስጊድ ሲመለስ ፓምፑ ጋ በራሱ መኪና ወሰደኝ። ከከተማው እንደወጣን ልናገር ቆረጥኩ።

‹ረሺድ፣ ያኔ ስለ ድምፁ…›

‹ተወው፣› አለኝ።

‹ልንገርህ እንጂ። እኔ…›

‹አውቃለሁ፣ ደሬ። ያኔውኑ ነው ያወቅሁት። ቻርጅ ስትል ዓይኔን አላየህም።› ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። ‹አትናገረው። አንተ ከተናገርክ እኔም መናገር አለብኝ። እኔ ደግሞ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። መኪና እየነዳሁ ነው።›

ጥቂት ሄድን። የመንገዱ ዳር በላስቲክ ቆሻሻ ነጭ ሆኗል፤ ፍየሎች ይለቅሙታል።

‹ድምፁ ግን አለህ?› አለኝ።

‹ምን?›

‹ድምፁ። ሆዳን ስሟን ትጠይቀኛለች። ልነግራት እፈልጋለሁ፤ አፌ አይታዘዘኝም። ድምፁ ካለህ ስልኩን ሰጥቻት እኔ ከቤት እወጣ ነበር። ብቻዋን ትሰማው ነበር።›

‹አጥፍቼዋለሁ፣› አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ‹እኔም ያን ቀን ነው ያጠፋሁት። ከሥራ ስመለስ። አፈርኩ።›

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ያ የድሮው ረሺድ ሊወጣ በር ላይ የደረሰ መሰለኝ። መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጉሮሮውን ጠረገ።

‹ስሟን ታስታውሳለህ?›

‹አዎ።›

‹እንግዲያው አንተ ንገራት› አለኝና ራዲዮ ከፈተ።

አልነገርኳትም። ፓምፑን ጠግኜ ስመለስ ሆዳን ለልጄ ቀሚስ፣ ለሚስቴ ሐልዋ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። ልጆቹም እሱም በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጇን በልብሷ ጫፍ ሸፍና ጨበጠችኝ። ‹ስለመጣህ አመሰግናለሁ፣ ካንተ ሌላ የድሮ ጓደኛ አልቀረውም› አለች። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። ተሳፈርኩ።

አሁን አንድ ወር ሆነ። እንቅልፍ አጣሁ ልልህ አልችልም፤ እተኛለሁ። እበላለሁ። ጋራዥ ሄጄ እሠራለሁ። ጉሌድ አሁንም ያሳቀናል። አንዳንድ ጊዜ ‹ኦዬ እንዴት ነው? ቶጎጫሌ ስትሄድ አገኘኸው?› ይለኛል። እኔም ‹ደኅና ነው› እላለሁ። ‹ስሙ ረሺድ ነው› አላልኩም። ይህም በቁጥር ውስጥ ይግባልኝ።

ከረሺድ ይቅርታ ብጠይቅ ወዲያው እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ ስቆ ይሰጠኛል፤ ከዚያ ጎማውን ሊያይ ይወጣል። እንደዚያ ያለ ይቅርታ እንዲሰጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት ብዬ እቀበለዋለሁ? በአባቴ አላሳብብም። በጉሌድ አላሳብብም። የአገሩ ባህል ነው፣ የወንድ ነገር ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል የሚለውንም አልልም፤ አዴር ሙሴም የዚያው አገር ሰው ናቸው፣ ወንድም ናቸው፣ ተነስተው ወጡ። መውጣት ይቻል ነበር። ስልኩን ያወጣው የእኔ እጅ ነው። የሳቅሁት እኔ ነኝ።

የልጅቷን ስም እዚህ ላይ አልጻፍኩትም። ረስቼው አይደለም። አንተ ከእናቷ በፊት ልትሰማው አይገባም።

ነገ ጠዋት ወደ ቶጎጫሌ በሚሄደው መኪና ቦታ ይዣለሁ። የሥራ ጉዳይ የለኝም። ረሺድ በዚያ ሰዓት ጭነት ላይ ነው፤ ሆዳን ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ትሆናለች። ገብቼ ስሟን እነግራታለሁ። እሷም ‹አንተ ይህን ከየት አወቅህ?› ትለኛለች።